የታመመ የባሕር አልጌን ለማዳን ሲሉ የሚሠሩ ስህተቶች

የጨው ውሃ አኳሪየም ካላቸው ወዳጆቼ ግማሾቹ የሚጠይቁኝ አልጌ እንዴት እንደሚጠፋ ነው። የቀሩት ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ለጌጥ ያስገቡት ቀይ ግራሲላሪያ ወይም አረንጓዴ ኬቶሞርፋ የሚባል አልጌ ለምን እንደሚሞትባቸው ይጠይቁኛል። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው። እነዚያ የሚፈልጉትን የማጥፊያ ዘዴ እነዚህ ሳያውቁት እየተጠቀሙበት ነው።

ውሃውን በንጽሕና አስርቦ መግደል

ይሄኛው አንጀቴን ያሳርረዋል። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወጣት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ውሃዬ እንከን የለውም። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ። አልጌው ግን ነጣብኝ» አለኝ።

ታዲያ ምን ይብላ? ናይትሬትና ፎስፌት እኮ የአልጌ ምግብ ናቸው።

ሄጄ አየሁት። ስኪመሩ፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣው መሣሪያ፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ፊልተሩ ፎስፌት በሚመጥ የብረት ኦክሳይድ እንክብል ተሞልቷል። ትልቅ ገንዳ ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዓሦች ብቻ ናቸው፣ ምግባቸውም በቁንጥጫ ነው። አልጌው መንጣት ሲጀምር ደግሞ «ውሃው ቆሽሾ ይሆናል» ብሎ ግማሹን ቀየረው። የተራበ ሰው ፊት የቀረውን ሰሃን ማንሳት ማለት ይሄ ነው።

ግራሲላሪያና ኬቶሞርፋ ሥር የላቸውም። የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ በመላ አካላቸው ከውሃው ይስባሉ። ውሃው ውስጥ ከሌለ የለም። እኔ ናይትሬቱን በሊትር ከ5 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም ባለው ውስጥ እይዘዋለሁ። ይህን ቁጥር ስናገር ኮራል (ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር እንስሳ) ብቻ የሚጠብቁ ሰዎች ፊታቸው ይለዋወጣል። ይለዋወጥ።

ስለዚህ እንክብሉን አውጡ። ስኪመሩን በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ አሠሩት፤ ኦክስጅን እንዳያንስ ግን ፓምፑ የውሃውን ገጽ ሁልጊዜ ያንቀሳቅሰው። ዓሦቹንም ጠገብ አድርጓቸው። ይህ ካልበቃ ንጹሕ ፖታሲየም ናይትሬት አለ። 1 ግራሙ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ናይትሬቱን በሊትር ወደ 6 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። በአንድ ቀን አትገልብጡት፣ ለቀናት ከፋፍላችሁ ጨምሩ፣ በየመሀሉም ለኩ።

ናይትሬቱን ብቻ አስተካክሎ ፎስፌቱን ዜሮ ላይ መተውም ዋጋ የለውም። አንዱ ከሌለ ሌላውን መጠቀም አይችልም። ገንዳችሁን በአዲስ ደረቅ ድንጋይ ከሠራችሁት ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ፎስፌት ስለሚመጥ የጨመራችሁት ሁሉ ለጊዜው የት እንደገባ አታውቁም። ታገሱ። ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናት የሚመጡት ከሁለቱ በኋላ ነው። ጀማሪዎች ግን በብረቱ ጠርሙስ ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም መለያው ላይ የሚያምር ሥዕል አለ።

መብራት መጨመር

«ደክሟል፣ ብርሃን አንሶት ነው» ብሎ መብራቱን መቶ በመቶ መልቀቅ። የቀይ አልጌ ቀለም ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ናይትሮጅን ሲጠፋ አልጌው የገዛ ቀለሙን አፍርሶ ይበላል፤ ቀዩ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኃይለኛ መብራት ሲጨመርበት ጨርሶ ይነጣል። መብራቱን ቀንሱት፣ በቀን 8 ሰዓት ይበቃዋል። አዲስ ጫፍ ሲወጣ ቀስ እያላችሁ መልሱት።

ቧንቧ ሥር ማጠብ

እባካችሁ። የባሕር አልጌ ሴል የለመደው በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለበት ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲነካው ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ሴሉን ያሳብጠዋል፣ ሊያፈነዳውም ይችላል። ባልዲ ውስጥ የገንዳውን ውሃ ቅዱና እዚያው አራግፉት።

ለገንዳው የሚሆን ጨው በቧንቧ ውሃ የሚበጠብጡም አሉ። ዋሽንግተን ከተማ ያላችሁ፣ ውሃችሁ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። እንደ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ በማሳደር በኖ አይጠፋም። ክሎራሚንን በሚያስወግድ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ተጠቀሙ።

በዓይን ብቻ መፍረድ

ቢጫ የሆነ ሁሉ አልሞተም፣ አረንጓዴ የሆነም ሁሉ ደህና አይደለም። ዳስሱት። አንዱን ቅርንጫፍ በሁለት ጣት ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ብሎ ጣታችሁን መልሶ ከገፋ በሕይወት አለ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን። ሟሙቶ ጣታችሁ ላይ ከቀረና ከሸተተ አልቆለታል። ከጤነኛው ክፍል ትንሽ ጨምራችሁ ቁረጡና አውጡት፣ አለዚያ የሚበሰብሰው የቀረውን ይዞት ይሄዳል። ኬቶሞርፋ ላይ ደግሞ ክሩን ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ተራ በተራ የተደረደሩት ሴሎች በዓይን ይታያሉ። ነጭና ልፍስፍስ የሆነውን ክር ነቅሳችሁ ጣሉ። የነጣው አካል መልሶ ቀለም ያዘ አልያዘ እያላችሁ አትጨነቁ፣ የምትጠብቁት አዲሱን ጫፍ ነው።

ካውለርፓን ለማዳን መሞከር

ካውለርፓ የሚባለው አረንጓዴ የባሕር አልጌ ሌላ ጉድ ነው። ቅጠል፣ ግንድና ሥር የሚመስለው ሁሉ አንድ ሴል ነው። መሀሉን በመቀስ ስትቆርጡት ውስጡ ያለው ይፈስሳል። መቀነስ ከፈለጋችሁ ከነመያዣው እየነቀላችሁ አውጡ።

አንዳንዴ ደግሞ ሊራባ ሲል የሴሉን ይዘት በሙሉ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ከዋዜማው ቀለሙ እዚህም እዚያም ይቋጥራል፣ ጫፎቹ ይገረጣሉ። ጠዋት ስትነሱ ውሃው አረንጓዴ ወተት ሆኖ፣ አልጌው እንደ መስታወት አሳልፎ ያሳያል። እሱ ከዚህ በኋላ አይድንም። ማዳን ያለባችሁ ዓሦቹን ነው፣ ምክንያቱም ኦክስጅኑ ይወርዳል። ነጭ የሆነውን ሁሉ አውጡ፣ የአየር ፓምፕ ክፈቱ፣ የማጣሪያ ከሰል አስገቡ፣ ውሃ ቀይሩ። ምልክቱን በዋዜማው ካያችሁ ሳትጠብቁ አውጡት።

ያወጣችሁትን ሽንት ቤት ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባለው ዝርያ በ1984 ሞናኮ ዳርቻ ከታየ በኋላ በብዙ የሜዲትራኒያን ዳርቻዎች ተዛምቶ ነበር። በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲገኝ ጠራርጎ መጥፋቱ የተረጋገጠው በ2006 ነው፤ በዚያ ግዛት ካውለርፓ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆይታችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ታንግ የሚባለው ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ አልጌ አይታከምም፣ ይበላል። ውሃ የማይዘዋወርበት ጥግ ላይ የተቀመጠ አልጌ አቧራ ይሸፍነዋል፣ በላዩም ሌላ ፀጉራማ አልጌ ይበቅልበታል፤ ፓምፑን ወደሱ አዙሩ። ፀጉራማውን ለማጥፋት ብላችሁ ደግሞ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት አትጨምሩ። መድኃኒቱ ያለፈቃድ ከበቀለው ጋር የተገዛውንም ሊጎዳ ይችላል።