ኤሌክትሮኒክ የገባለት ቮልስ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፦ ሞጁሉን ከመቀየራችሁ በፊት

ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳውን ዕቃ) ማስተካከል የማይሰለቸው የቮልስ ባለቤት የለም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ኤሌክትሮኒክ፣ ማለትም ያለ ፑንቲና እሳት የሚሰጥ ዕቃ፣ የሚያስገባው። ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ይወጣሉ። በቦታቸው እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ትንሽ ሞጁል ይታሰራል፣ መሃሉ ላይ ከሚዞረው ሮተር ሥር ደግሞ ማግኔት ያለው ቀለበት ይገባል። ከዚያ በኋላ ስለ እሳት ማሰብ ይቀራል። አንድ ቀን ግን እንጦጦን ጨርሳችሁ ወደ ሱሉልታ ስትወርዱ ሞተሩ ጭጭ ይላል። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል።

ያኔ ሁሉም ጣቱን ሞጁሉ ላይ ይቀስራል። ጎረቤቴ ሞጁል ቀየረ፣ ቦቢና (12 ቮልቱን ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚያሳድገውን) ቀየረ፣ ካንዴላም (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን) ቀየረ። መኪናው መጥፋቱን አልተወም። ጥፋተኛዋ ከማስነሻ ቁልፉ ጀርባ ያለች የዛገች የሽቦ ጫፍ ነበረች። ሞጁል በግምት የሚቀየር ዕቃ አይደለም። እንደልብም አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ይለመንበታል።

የሚያስፈልጋችሁ ቮልትና ኦም የሚለካ ርካሽ ቴስተር፣ የፍሬን መብራት አምፖል፣ ጫፉ መቆንጠጫ ያለው ረጅም ሽቦ ከነፊውዙ፣ ካቻቢቴ እና አንድ ጤነኛ ካንዴላ ነው። አምፖሏ 21 ዋት ትሁን፣ ሁለት ሽቦ በዩባት። ውድ ቴስተር አትግዙ፤ ለዚህ ሥራ ከቴስተሩ አምፖሏ ትበልጣለች። ደግሞ የሱሉልታ ጠዋት ብርድ ቢሆንም ጋቢያችሁን አውልቁ። የሚዞር ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) አጠገብ ጋቢ ለብሶ መጎንበስ አደጋ ነው።

1. እሳት ነው ወይስ ቤንዚን?

እንደጠፋ ወዲያው፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አንዱን የካንዴላ ሽቦ ንቀሉና ጤነኛውን ካንዴላ ሰኩበት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ አስነክታችሁ እሰሩት። በእጅ አይያዝም፣ ከሃያ ሺህ ቮልት በላይ ሊመታችሁ ይችላል። ሽቦውን ብቻውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ማስነሳት የድሮ ልማድ ነው፤ እሳቱ የሚወጣበት ሲያጣ ሞጁሉን ሊያቃጥል ይችላል። ሰው በቁልፉ ሞተሪኖውን (የማስነሻውን ሞተር) ያዙር። ጠንካራ ሰማያዊ እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ ዙሩ፤ ከሌለ ወደ 2 እለፉ።

ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ኤሌክትሮኒኩን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ ሞተሩን ቤንዚን ያበዛበታል።

2. ባትሪው

ያረፈ ባትሪ 12.4 ቮልት እና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.5 በታች ከወረደ ሌላውን ምርመራ ተዉትና ባትሪውን አስተካክሉ። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ15 ቮልት ማለፍ የለበትም። ያለፈ ቻርጅ ሞጁል ይጨርሳል። የእናንተ ቮልስ ከድሮዎቹ ባለ 6 ቮልቶች አንዱ ከሆነ ለ12 ቮልት የተሠራ ሞጁል አይሠራለትም።

3. ቦቢናው ጋ የሚደርሰው ቮልት

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቦቢናው ላይ 15 እና 1 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 15 ከቁልፉ የሚመጣው ፖዘቲቭ ነው። አብዛኛው ሰው ቁልፉን ይከፍትና ቴስተሩን 15 ላይ ያደርጋል። 12 ቮልት ያያል። «መብራቱ ደርሷል» ይልና ወደ ሞጁሉ ይሄዳል። ግን ቴስተር ምንም ያህል ከረንት አይስብም። ሽቦው በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቢቀር እንኳ 12 ያሳያችኋል። ቦቢናው ግን ወደ 4 አምፒር ይፈልጋል። ያቺ ክር ይህን ስትጠየቅ ትሞቃለች፣ ቮልቱም ይወድቃል።

ስለዚህ ሽቦውን ከረንት እያሳለፈ ፈትኑት። ቁልፉን ዝጉ። ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ ከ15 ላይ ንቀሉ። የአምፖሏን አንድ ጫፍ ከዚህ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ። አምፖሏ 2 አምፒር የሚጠጋ ትስባለች። አሁን ሽቦው ጫፍ ላይ ለኩ፣ ቀጥሎ ባትሪው ላይ ለኩ። ልዩነቱ ወደ አንድ ቮልት ከተጠጋ ወይም ካለፈ ችግራችሁን አገኛችሁት።

አምፖሏ እንደበራች አንድ ሰው ቁልፉን በቀስታ ያነቃንቅ፣ እናንተ ፊውዝ ሳጥኑ ጋ ያሉትን ጫፎች ነካ ነካ አድርጉ። ብልጭ ድርግም ያለችበት ቦታ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ቁልፉ ከፊት ስለሆነ ይህ ሽቦ መኪናውን ሙሉ ያቋርጣል። መሃል ላይ የተቀጣጠለና በፕላስተር የተጠቀለለ ቦታ ካገኛችሁ ሳትለኩትም ጠርጥሩት።

አንድ ሌላ ነገር። የካርቡሬተሩ ቾክና ቤንዚን የምትዘጋው ቫልቭ መብራት የሚያገኙት ከዚሁ ከ15 ነው። ቮልቱ ሲወድቅ ቫልቯ ትዘጋና በሽታው የቤንዚን ይመስላል። ስንት ካርቡሬተር በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈቷል!

መንገድ ላይ ከሆናችሁ አቋራጭ አለ። ሽቦውን ወደ 15 መልሱና ባለ ፊውዙን ረጅም ሽቦ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ፖዘቲቭ በቀጥታ 15 ላይ አድርጉ። ተነስቶ ካልጠፋ ሞጁሉ ጤነኛ ነው። ሞተሩ በቁልፍ እንደማይጠፋ ግን አትርሱ፣ ሽቦውን መንቀል ይኖርባችኋል።

4. ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው መስመር)

ቁልፉን ዝጉና በዲስትሪቢዩተሩ ገላና በባትሪው ኔጋቲቭ መሃል ኦም ለኩ። ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ካልሆነ ካምቢዮውን ከቦዲው የሚያገናኘውን የተጎነጎነ ሽቦ ፈትታችሁ አጽዱ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥም ሞጁሉ የተቀመጠበት ሳህን የራሱ ቀጭን የማሳ ሽቦ አለው። ሳህኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለሚታጠፍ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል። ሳብ ስታደርጉት ከተለጠጠ ተበጥሷል።

5. አሁን ሞጁሉ

5 ዋት የምትሆን ትንሽ አምፖል በባትሪው ፖዘቲቭና በቦቢናው 1 መሃል አድርጉ። ሞተሪኖው ሲዞር ብልጭ ድርግም ካለች ሞጁሉ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ቦቢናው ወይም ከእሱ ወዲያ ያለው ነው። ዝም ካለች፣ ወይም ሳትቋረጥ ከበራች፣ መጀመሪያ የማግኔቱ ቀለበት እስከ ታች መግባቱን እዩ። በብዙዎቹ ሞጁሎች ቀይ ሽቦ 15 ላይ፣ ጥቁር 1 ላይ ነው፤ የተገለበጠበት ሞጁል ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ዝም ካለች፣ ያኔ ሞጁሉ ሞቷል በሉ። የሚጠፋው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ቤት ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያላችሁ አሙቁትና ሙከራውን ድገሙ።

ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ መስማት ሞጁልም ቦቢናም ያቃጥላል። መኪና የሚያጥቡ ልጆች ቁልፍ ሲጠይቋችሁ አስቡት።

6. ቦቢናና ክዳን

ሽቦዎቹን ንቀሉና በ15 እና በ1 መሃል ለኩ። 3 ኦም አካባቢ ይሁን። የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቦቢና ስትገዙ ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ 1.5 ኦም የሆነው ከብዙዎቹ ሞጁሎች ጋር አይስማማም። በክረምት የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እርጥበት ይገባል፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለበት ግን ይጣል። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስታችሁ ሽቦዎቹን ከሩቅ እዩ፣ እሳት የሚያፈስ ካለ ይታያል።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ «ተሠራ» ማለት አይበቃም። ዳገቱን አስወጡት፣ በደንብ ይሙቅ፣ አጥፉትና ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አስነሱ። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር አትጣሉ፣ ከ0.4 ሚሊሜትር የፑንቲና ክፍተት መለኪያ ጋር መኪናው ውስጥ ይቀመጡ። በእነሱ ቤት ድረስ ይገባል፣ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚመጣበትን ቅጽበት) በነጋታው ታስተካክላላችሁ።