ለኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ጉዞንና የመኪና ማቆሚያን አስቀድሞ ማሰናዳት

በኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ የሚካሄደው የ500 ማይል የመኪና ውድድር በ1911 የተጀመረ ሲሆን፣ የሚውለውም በሜይ ወር የመጨረሻ ሰኞ ከሚከበረው ሚሞሪያል ደይ በፊት ባለው እሑድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ 2.5 ማይል ርዝመት ያለውን መም 200 ጊዜ ይዞሩታል። በ2025 የመቀመጫ ቲኬቶች በሙሉ ተሸጠው ወደ 350 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ጠዋት ሲገባ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ተከፋፍሎ ነው፤ ሲወጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያ ሲመርጡ ከመቀመጫዎ ቅርበት በፊት ወደ ቤትዎ የሚመለሱበትን አቅጣጫ ያስቡ።

ይህን ለማድረግ የቦታውን አቀማመጥ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ስፒድዌዩ ከኢንዲያናፖሊስ መሀል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ስሟም ስፒድዌይ በሆነች ትንሽ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በደቡብ 16ኛው መንገድ፣ በምዕራብ ጆርጅታውን መንገድ፣ በሰሜን ደግሞ 30ኛው መንገድ ያዋስኑታል። በስተ ምዕራብ ኢንተርስቴት 465 የተባለው የቀለበት መንገድ ያልፋል፣ በስተ ደቡብ ኢንተርስቴት 70 አለ፣ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ወደ ቺካጎ የሚወስደው ኢንተርስቴት 65 ይገኛል። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ የሚመጣ ሰው በኢንተርስቴት 70 ላይ 175 ማይል ያህል ቀጥ ብሎ ይነዳል። ለእርሱ ከ16ኛው መንገድ በስተ ደቡብ ያለ ማቆሚያ፣ ወደ መቀመጫው ሃያ ደቂቃ በእግር የሚያስኬደው ቢሆን እንኳ፣ በሰሜን በኩል በር አጠገብ ካለ ቦታ እጅግ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ውድድሩ ሲያልቅ በሕዝብ የተጨናነቀውን የስፒድዌዩን ዙሪያ በመኪና መሻገር አይኖርበትም። ከቺካጎ ለሚመጣ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነውና የሰሜኑን ወገን ይፈልግ።

የስፒድዌዩ የራሱ ማቆሚያዎች ፈቃድ አስቀድሞ ይሸጣል፤ በጣም ተፈላጊዎቹ ቀድመው ስለሚያልቁ ቲኬት በገዙበት ቀን አብረው ይግዙ። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የማቆሚያ ስምና የበር ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ስፒድዌዩ ለየማቆሚያው የሚያወጣውን የመግቢያ መስመርም ስልክዎ ከሚመራዎት መንገድ አስበልጠው ይከተሉ። በውድድሩ ዕለት ፖሊስ አንዳንድ መንገዶችን ይዘጋል፣ አንዳንዶቹንም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲነዳባቸው ያደርጋል፤ ስልኩ ይህን ሁልጊዜ አያውቅም። በመሙ መሀል ባለው ሜዳ ማቆም የምግብና የመጠጥ ሣጥን ለሚይዝና ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ምቹ ቢሆንም፣ አወጣጡ ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፈቃድ ላላገኘ ሰው ያለው ሌላው አማራጭ የአካባቢው ነዋሪዎች ለዓመታት የለመዱት ነው። በዙሪያው ያሉ ቤተሰቦች የግቢያቸውን ሣር በገንዘብ ያከራያሉ፤ ጠዋት በየደጃፉ ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን ይዘው ቆመው ያገኟቸዋል። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል በዚሁ መንገድ ነው ያቆምኩት፤ የመጀመሪያው ዓመት ግን ብዙ አስተምሮኛል። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ጥላ ያለበት ቦታ ተሰጠን፣ ደስ ብሎን ገባን። ስንመለስ ከኋላችን አራት መኪኖች ተደርድረው ነበር፤ ከአራቱ የሦስቱ ባለቤቶች እዚያው ግቢ ሥጋ እየጠበሱ ሲጫወቱ አገኘናቸውና ወዲያው አነሡልን፤ የአራተኛውን ባለቤት ግን ልጄ በኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቅነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ከኋላዬ ሌላ መኪና ይቆም እንደሆነና ስወጣ በየትኛው በኩል እንደምወጣ የቤቱን ባለቤት እጠይቃለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፣ ከተቻለም የመኪናዎ አፍንጫ ወደ መንገዱ የሚያይበትን ቦታ ይምረጡ። ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። የቤቱን ቁጥርና በማዕዘኑ ላይ ያለውን የመንገድ ስም ፎቶ ያንሡ፤ ቤቶቹ ይመሳሰላሉ፣ ከሰዓት በኋላም የስልክ መስመሩ ስለሚጨናነቅ ካርታ ላይ መተማመን አይቻልም። በዚሁ ምክንያት ቲኬቱንና የማቆሚያ ፈቃዱን ከቤት ሳይወጡ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፣ ቤተሰቡ ቢለያይ የሚገናኝበትንም ቦታ ጠዋት ላይ ይወስኑ።

ሰዓትን በሚመለከት ለእኛ ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። በሮቹ በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 6 ሰዓት ላይ ይከፈታሉ፤ ውድድሩ በቅርብ ዓመታት እንዲጀመር የሚያዘው 12፡45 ላይ ነው፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ለሰባት ሩብ ጉዳይ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንዱ ዘመድ ለሌላው በስልክ «ስድስት ሰዓት እንድረስ» ቢለው፣ አንዱ ንጋት ላይ ሌላው እኩለ ቀን ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ «ጎህ ሲቀድ» ወይም «በአሜሪካ ሰዓት» ብሎ አጥርቶ መናገር ይገባል። ከቺካጎ የሚመጡ ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ከእነርሱ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም ይወቁ፤ የሦስት ሰዓት ጉዞ ብለው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢነሡ፣ የሚደርሱት በኢንዲያናፖሊስ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከኮሎምበስ የሚነሣ ሰው ይህ ችግር የለበትም። እኔ የምመክረው ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ማደርን ነው። በከተማዋ ያሉ ሆቴሎች በዚያ ሰሞን ዋጋቸው ስለሚንር፣ 70 ማይል ያህል ቀደም ብላ በኢንተርስቴት 70 ላይ የምትገኘው የኢንዲያናዋ ሪችመንድ ከኮሎምበስ ለሚመጣ ደህና ማረፊያ ትሆናለች።

በመኪና ወደ ስፒድዌዩ መጠጋት የማይፈልጉ ከመሀል ከተማና ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሡ ሻትል አውቶቡሶች አሉላቸው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ይገዛል።

ዝናብን ሳያስቡ የጉዞውን ዕቅድ አይጨርሱ፤ በእርጥብ መም ላይ ይህ ውድድር አይካሄድምና። በ2024 ዝናቡ ጅማሬውን ወደ አራት ሰዓት ገደማ አዘግይቶት ነበር። በ1997 እሑድ ጨርሶ ሳይጀመር ቀርቶ ሰኞ 15 ዙር ብቻ ተነድቶ ማክሰኞ ተፈጸመ፤ በ1986 ደግሞ እስከ ተከታዩ ቅዳሜ ተላልፏል። ስለዚህ የሆቴል ክፍል ሲይዙ እሑድ ማታም እንዲያድሩ አድርገው፣ ካስፈለገም ያለ ቅጣት የሚሰርዙት ቢሆን ይመረጣል። ሰኞ የበዓል ቀን በመሆኑ ብዙ ሰው ሥራ አይገባም፣ ማክሰኞን ግን ከአለቃዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ነዳጁን ቅዳሜ ዕለት ሙሉ ያድርጉ። አሸናፊው እንደ ውድድሩ ልማድ ወተቱን ከጠጣ በኋላ ወደ መኪናዎ አይሩጡ፤ ከያዙት ምግብ ጥቂት አስቀርተው ግቢው ውስጥ ወይም በመቀመጫዎ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢቆዩ፣ በሰልፍ ውስጥ ሞተር አስነሥተው ከሚጠብቁት ሰዎች ብዙም ሳይዘገዩ አውራ ጎዳናው ላይ ይደርሳሉ። ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው መሪ ላይ በቀላሉ ያንቀላፋልና፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር አረፍ ብሎ፣ መጠጥም ሳይቀምስ፣ ከሪችመንድ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዲነዳ ከወዲሁ ይስማሙ።