ሆስፒታል ስታስታምሙ መድኃኒት የለመዱ ጀርሞችን ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳታዛምቱ

እኛ ሀገር ሰው ሆስፒታል ብቻውን አይተኛም። ቤተሰብ አብሮ ያድራል፣ ያጎርሳል፣ ያገላብጣል፣ ሽንት ይደፋል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለአስታማሚ ነው። አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ጀርሞች ዋርድ ውስጥ የሚዞሩት በአብዛኛው በእጅ ነው፤ የእኛም እጅ አለበት።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብቶ የሕፃናቱን ደም ይመርዛል። አሲኔቶባክተር የሚባለው ደግሞ የአልጋ ብረትና ኮመዲኖ ላይ ደርቆ እንኳ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። ሴፍትሪአክሶን የሚባለው የተለመደ አንቲባዮቲክ አልሠራ ብሎ ወደ ጠንካራው ሜሮፔነም የተሻገረ ታማሚ ያለው ቤተሰብ ወጪውን ያውቀዋል። ሜሮፔነምም እምቢ ካለ የሚቀረው አማራጭ በጣም ጥቂት ነው።

መጀመሪያ እጅ። ታማሚውን ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ፣ ከማጉረሳችሁ በፊት፣ ሽንት ወይም ዳይፐር ካነሳችሁ በኋላ፣ ከዋርዱ ስትወጡም ታጠቡ። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ከሆነ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹት። የጣት መሃሉን፣ አውራ ጣቱን፣ ጥፍር ሥሩን አትዝለሉ። እጃችሁ ላይ ቆሻሻ ከታየ ወይም ታማሚው ተቅማጥ ካለበት ሳኒታይዘር አይበቃም፣ ሳሙናና ውሃ ነው። ቧንቧው ውሃ ከሌለው በሃይላንድ ሞልታችሁ ከነሳሙናው አልጋው አጠገብ አስቀምጡ። ጓንት አድርጌያለሁ ብላችሁም አትዘናጉ፤ በአንድ ጓንት ሽንት ደፍቶ ትራስ የሚያስተካክል ሰው እጁን ካልታጠበ ሰው አይሻልም።

አሁን ብዙዎቻችን ወደማናስተውለው ልምጣ። አጠገባችን ያሉት እማማ አስታማሚያቸው መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ «ልጄ፣ እስቲ ቀና አድርጊኝ» ይላሉ። ተነስተን ቀና እናደርጋቸዋለን፣ ፋሻቸው የነካውን አንሶላ እናስተካክላለን፣ ከዚያ ዞር ብለን የራሳችንን ታማሚ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የተተከለበትን እጅ እንይዛለን። ጀርሙ ተሻገረ ማለት ነው። እርዳታውን በፍጹም አትተዉ፣ ዋርድ ውስጥ ከመተጋገዝ የተሻለ ነገር የለም፤ ግን በሁለቱ አልጋዎች መሃል እጃችሁን አጽዱ። ፎጣ፣ ፖፖና ብርድ ልብስ አትዋዋሱ። ጠያቂም አልጋው ላይ አይቀመጥ፣ ቢከፋውም ንገሩት።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ። ካኑላው አካባቢ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ካመመ ወይም ፕላስተሩ ከረጠበ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፣ እስከ ነገ አትጠብቁ። የሽንት ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባው የሽንት ቱቦ) በቆየ ቁጥር ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ስለዚህ በየቀኑ ራውንድ ላይ «ዶክተር፣ ይሄ ዛሬም ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። ታማሚውን ስታገላብጡ ከረጢቱን በላዩ ላይ አታሻግሩት፣ ሽንቱ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ባለሙያ እጁን ሳይታጠብ ቢመጣስ? መናገር ይከብዳል፣ አውቃለሁ። «ሲስተር፣ ሳኒታይዘር እዚህ አለ፣ ላድርግልሽ?» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ የሚቻል ከሆነ ካልቸር (ጀርሙ የትኛው እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚበግረው የሚያሳይ ምርመራ) የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙን ጠይቁ። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ውጤቱ ታይቶ ጠንካራው መድኃኒት ቀለል ባለ መድኃኒት ቢተካ ታማሚያችሁ ችላ ተባለ ብላችሁ አትከራከሩ፣ ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው። «ጠንከር ያለው ይታዘዝለት» ብሎ መወትወትም ይቅር። ከውጭ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱን ዶዝ በጊዜ ያዙ። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ፋርማሲ ስለተዘጋ ሲዘለል፣ የተረፈው ጀርም እንደገና ለመራባት ፋታ ያገኛል።

ስትወጡ የካልቸሩን ውጤት ለምናችሁም ቢሆን ያዙ፣ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀሩ። ታማሚያችሁ ሌላ ጊዜ ሌላ ሆስፒታል ከገባ ለሚያየው ሐኪም መጀመሪያ እሱን አሳዩ፤ ምን እንደሚያዝ የሚወስነውም፣ ለብቻ ክፍል ይተኛ አይተኛ የሚለውም በዚያ ሊቀየር ይችላል።