ተማሪዎች ቪዲዮና ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ሲሠሩ፦ እኛ መምህራን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አይሲቲ የማስተምረው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ልጆቹ ቪዲዮ ይሠራሉ፣ ከሥራዎቻቸው መርጠውም በኮምፒውተር ያሰባስባሉ፤ ይህ ስብስብ ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ይባላል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ከአፑ መጀመር። ኮምፒውተር ላብ እንደገባን ካፕከት ወይም ካንቫ የሚባሉትን የቪዲዮና የዲዛይን አፖች እንከፍታለን። ይሄኛው ይቆርጣል፣ ያኛው ጽሑፍ ያስገባል ስንል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ልጆቹ ግን አፑን በሁለት ቀን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የሚቸግራቸው ምን እንደሚናገሩና ለማን እንደሚናገሩ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በወረቀትና በእርሳስ ይለቅ። አንድ ጥያቄ፣ ስድስት ሣጥን፣ በየሣጥኑ የሚቀረጸው ነገር በሥዕል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ድምፅን መርሳት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አያቷ ሞሰብ ሲሰፉ ቀርጻ መጣች። ምስሉ ያምራል። እጃቸው ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ የራሰው አክርማ፣ ቀዩ አለላ፣ ወስፌው ገባ ወጣ ሲል። ከላዩ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘፈን ተጭኖበታል። አያትየዋ ይናገራሉ፣ አይሰማም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሙዚቃ እንዴት እንደሚገባ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ፣ ሰው ሲናገር እንዴት እንደሚቀዳ ትንፍሽ አላልኩም። ዘፈኑን አጠፋነው። ለካስ አያትየዋ አለላው እንዴት እንደሚቀለም እያስረዱ ነበር! አሁን ካሜራ ከመንካታችን በፊት ድምፅ ብቻ እንቀዳለን። መስኮት ይዘጋል፣ ስልኩ ከተናጋሪው ከአንድ ክንድ አይርቅም፣ ከቦታው ከመነሳታቸው በፊት በኢርፎን ያዳምጡታል።

ለስልኩ ማርክ መስጠት። ጥሩ ስልክ ያለው ልጅ ጥርት ያለ ቪዲዮ ያመጣል። እኛም ሳናስበው ከፍ አድርገን እናርማለን። በግሩፕ ሥራም እንዲሁ ነው። ስልኩ የማን ነው? እሱ ይቀርጻል፣ እሱ ኤዲት ያደርጋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ። ይሄ ልጆቹን ይጎዳል፣ ያሳዝነኛልም። ቪዲዮ ቀራጭ፣ ድምፅ ቀጂ፣ ጠያቂና ኤዲተር በየሥራው ይቀያየሩ። ማርኩ ከፊሉ ለወረቀቱ ዕቅድና ለመጀመሪያው ረቂቅ ይሁን።

የአማርኛውን ፎንት ቸል ማለት። በድሮ፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት እንዲያነቡ የሚያደርገው የጋራ አሠራር) ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ስላይድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ልጅ በክፍል ፊት ቆሞ ሥራው እንዲህ ሲሆንበት ማየት ያማል። ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባሉትን የዩኒኮድ ፎንቶች ይጠቀሙ፤ ሲጨርሱ በፒዲኤፍም ያስቀምጡ።

በቴሌግራም ዝም ብሎ መላክ። ፎቶና ቪዲዮ እንደ ፋይል ካልተላከ ጥራቱ ይቀንሳል። ዋናው ቅጂ ደግሞ ፍላሽ ላይ ብቻ አይቅር። ጉግል ድራይቭ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል።

ያገኙትን ሁሉ መውሰድ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ፎቶ ሁሉ የሁሉም አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ልጆቹ በስሙ ይወቁት። በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ፣ የወጣ ሥራ ሲወስዱ ፈቃዱን አንብበው፣ የባለቤቱን ስም ይጻፉ። የሚቀረጸውንም ሰው ያስፈቅዱ። ፖርትፎሊዮው ላይ ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ አይግባ፤ ልጆች ናቸው።

ፖርትፎሊዮን መጋዘን ማድረግ። ዓመቱን ሙሉ የሠሩት ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ይታጨቃል፣ ፖርትፎሊዮ ይባላል። እኔ አራት ሥራ ብቻ እንዲመርጡ አደርጋለሁ። ከየሥራው ሥር ለምን እንደመረጡት፣ ምን እንዳልተሳካላቸውና ምን እንደቀየሩ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። ለአብዛኞቹ ከኤዲቲንጉ የሚከብዳቸው ይሄ አንቀጽ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ፣ አብረን ቁጭ ብለን እንጽፈዋለን።

ያቺ ልጅ ሁለቱንም ቪዲዮ አስገብታለች፤ ዘፈን ያለበትንም፣ የአያቷ ድምፅ የሚሰማበትንም። ከሥሩ የጻፈችው ስለ አለላው አቀላለም ነው። ከዚያ በፊት ጠይቃቸው አታውቅም ነበር።