የደጋውን የሰም ዘንባባ ከዘር ማሳደግ

የኪንዲዮ የሰም ዘንባባ በኮሎምቢያ የአንዲስ ተራሮች፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ጭጋጋማ ደን ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 60 ሜትር ይደርሳል፤ ከ1985 ጀምሮ የኮሎምቢያ ብሔራዊ ዛፍ ነው። «ዘንባባ ሙቀት ይወዳል» ብለው የሚተክሉት ሰዎች ያጡታል። ይህኛው የደጋ ልጅ ነው፤ ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ሌሊቱ የማይቀዘቅዝ ቦታ ላይ ግን እየመነመነ ይሞታል።

ዘሩ ትኩስ ይሁን፤ ደርቆ የከረመ ዘር ብዙ ተስፋ የለውም። የፍሬውን ሥጋ ጨርሳችሁ አንሱ፤ የቀረችው ትንሽ ሥጋ ሻጋታ ታመጣለች። ውሃውን በየቀኑ እየቀየራችሁ 2 ቀን ዘፍዝፉት። ከዚያ እርጥብ የኮኮናት ቃጫ ባለበት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቅበሩት። ቃጫው ሲጨመቅ እጅ ያርጥብ እንጂ ውሃ አያንጠባጥብ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበቃዋል። ለመብቀል ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሲጫኑት ጠንካራ የሆነን ዘር ቸኩላችሁ አትጣሉ።

ሥር ሲያወጣ ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ወዳለው ዕቃ አዛውሩት፦ 2 እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ 1 እጅ ሻካራ አሸዋ፣ 1 እጅ አፈር። ሥሩ መነካካት አይወድም፤ ስታዛውሩ ከነአፈሩ አንሱት።

ጥላውን አደራ። በኮሎምቢያ ኮኮራ ሸለቆ ግጦሽ ላይ የቆሙት ረጃጅም ዘንባባዎች ተተኪ እያጡ ነው፤ ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ የተረፈውን ፀሐይ ያቃጥለዋል። በጓሮም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሌላ ዛፍ ሥር ይደግ፤ ወደ ሙሉ ፀሐይ የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው።

ቋሚ ቦታው ላይ ስትተክሉ ጉድጓዱን የሥሩን እጥፍ አስፉት፤ አንገቱን፣ ማለትም ሥሩ ከላዩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ግን አትቅበሩ። 8 ሳንቲሜትር ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግንዱን ሳይነካ። አፈሩ ምንጊዜም እርጥብ ይሁን፤ ውሃ ከተኛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል።

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ውሃ ወይም እርጥበት አንሶታል። ከሁሉ የከፋው የመሐለኛው፣ ገና ያልተፈታው ቅጠል መበስበስ ነው፤ በቀስታ ሲስቡት ከወጣና ጫፉ ከሸተተ፣ የበሰበሰውን አጽዱ፣ የመዳብ ፀረ ፈንገስ ጨምሩበት፣ ከላይ ማጠጣት አቁሙ። የማደጊያው እምብርት ካልተነካ አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል።

ግንዱ ከመሬት ብቅ እስኪል ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ስለሆኑ፣ ፍሬ የሚፈልግ ሰው ብዙ ችግኝ አብሮ ይትከል።