ፍላሹ 64 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሩ 59 ያሳያል?

64 ጊጋ ፍላሽ ገዝታችሁ ስትሰኩት 59 ነጥብ ምናምን ካሳያችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ። አምራቾች አንድ ጊጋ የሚሉት 1,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ 1,073,741,824 ባይት ሲሞላ ነው አንድ ብሎ የሚቆጥረው። ዕቃው ያው ነው፣ የተለያየው መስፈሪያው ነው። አንዱን ጤፍ በትንሽና በትልቅ ጣሳ እንደ መስፈር በሉት። በዚሁ ስሌት 1 ቴራ (በአምራቾቹ አቆጣጠር 1,000 ጊጋ) ሃርድ ዲስክ 931 ጊጋ ገደማ ሆኖ ይታያል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ፍላሽ ካያችሁ ጠርጥሩ። ውስጡ ያለው 16 ወይም 32 ጊጋ ብቻ ሆኖ፣ 2 ቴራ ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የተደረገ አለ። ፋይሉ የተገለበጠ ይመስላል። ስሙም ይታያል። ስትከፍቱት ግን የለም! እኔን የሠርግ ቪዲዮ ላይ ነው ጉድ የሠራኝ። ስለዚህ አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተራችሁ ሳታጠፉ፣ እስኪሞላ ድረስ ገልብጡበት። ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ የገቡትን ክፈቷቸው። ሰዓት ይፈጃል፣ አውቃለሁ። ሻጩ ሳይረሳችሁ በዚያው ቀን አድርጉት።

ደግሞ ባዶ ቦታ እያለው ትልቅ ፊልም አልቀበልም ካለ ፍላሹ አልተበላሸም። ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር፣ ፋት 32 (FAT32) ስለሆነ ነው፤ እሱ 4 ጊጋ የሚደርስ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት (exFAT) ወደሚባለው ፎርማት ቀይሩት። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ግን መጀመሪያ ዕቃችሁን አውጡ።