«ስጦታ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፦ ኤዲኤችዲ ካላቸው ሰዎች ጋር ስንሠራ የምንሳሳተው

«ኤዲኤችዲ እኮ ስጦታ ነው!»

ኤዲኤችዲ ትኩረት መሰብሰብን፣ ረጋ ማለትንና ጊዜን መጠበቅን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው። አንድ ጀማሪ ላይፍ ኮች (ሰዎች ኑሯቸውን እንዲያቀኑ የሚያግዝ አማካሪ) ይህን ሲል አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ሴት የቤት ኪራይ ረስታ ከአከራይዋ ጋር ሁለቴ ተጣልታለች። የመንጃ ፈቃዷ ጊዜ አልፎበታል። ከመሥሪያ ቤቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ዝም ብላ አየችው። «እሺ» አለች። ተመልሳ አልመጣችም።

ልጁ በቅን ልብ ነው የተናገረው። ግን ይህን ስህተት ስንቴ አየሁት! ኤዲኤችዲ ያለው ሰው ሁሉ ፈጠራ የሚፈልቅበት አይደለም። አንዱ በጭንቅ ሰዓት ይረጋጋል። ሌላው የወደደውን ሥራ ሲይዝ ምግብ እስኪረሳ ይሠራል። ሦስተኛው ሰው ያቀርባል፣ ያስቃል፣ ያስታርቃል። የቱ የማን እንደሆነ ሳታውቁ «ጎበዝ ነሽ» ብትሏት፣ ኪራዩን የረሳችው ሴት ያልሰማችኋት ይመስላታል። እውነቷን ነው፤ አልሰማናትም።

እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሳይከብድሽ የሆነልሽ ነገር ምንድነው?» አንዷ ደንበኛዬ ብር ማጠራቀም አልችልም ትል ነበር። ባንክ ያስገባችውን በሳምንቱ ታወጣዋለች። ስናወራ ግን ዕቁብ ለስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዳላሳለፈች ታወቀ። ራሷም ልብ ብላው አታውቅም። ለምን ሆነላት? ቀኑ የታወቀ ነው። መጠኑ የታወቀ ነው። የሚጠብቋት ሰዎች አሉ፣ ከዘገየችም ዳኛው ይደውላል። ያንኑ ወደ ሥራዋ አመጣነው። የወር ሪፖርቷን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ በስልክ ተያይዘው፣ ሁሉም የየራሱን እየሠራ ትጽፈዋለች። ፈረንጆቹ ቦዲ ደብሊንግ ይሉታል። ሪፖርቱ አሁን በጊዜው ይገባል። ጥንካሬዋ ከሰው ጋር ስትሆን ነው የሚወጣው፤ ያገኘነውም ዕቁቡ ውስጥ ነው።

የራሳችሁን አጀንዳ ማስታቀፍ

ይህን እኔው ሠርቼዋለሁ። ለአንድ ወጣት በቀለም የተከፋፈለ፣ በሰዓት የተሸነሸነ የሳምንት እቅድ አዘጋጅቼ ሰጠሁት። ለእኔ ይሠራልኛል። በሦስተኛው ሳምንት ስልኬን ማንሳት አቆመ። በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ ያለኝ «ይቅርታ፣ አልቻልኩበትም» ነው። ልጅ ሳለ «ሰነፍ»፣ «ልበ ቢስ» ሲባል ላደገ ሰው ሌላ የሚያፍርበት ነገር ጨመርኩለት። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ራስል ባርክሌይ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ለብዙ ዓመታት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ችግሩ ምን መሥራት እንዳለባቸው አለማወቅ አይደለም፣ የሚያውቁትን በሰዓቱ መሥራት ላይ ነው። ስለዚህ እርዳታው ሥራው ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ለዚያ ልጅ የሠራለት የበሩ እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው። ነገ የሚይዘውን ሁሉ ማታ እዚያ ይከታል።

ማርፈድን እንደ ንቀት ማየት

«የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ብሎ ማለፍም ያው ስህተት ነው። ብዙዎቹ ጊዜው ሲሄድ አይታወቃቸውም። አንዲት ደንበኛዬን ለመልበስና ከቤት ለመውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል አልኳት። «አሥር» አለች። በስልኳ ለካችው፤ 38 ሆነ። ደነገጠች፣ ከዚያ ቀለል አላት። እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ሰዓት ከምትመክሯት የበለጠ ይጠቅማታል።

ቅብጥብጡን ብቻ መፈለግ

ብዙ ሴቶች የሚያልፉን በዚህ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ብላ በመስኮት የምታየው ልጅ ማንንም አልረበሸችም፣ ማንም አልጠየቃትም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በርከት ያሉ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው። ቅብጥብጥነት ግን የግድ አይደለም፤ ትኩረት ማጣቱ ብቻውን ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ስለ ልጅነት ሲጠይቅ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ይጠቅማል። የመምህሩ አስተያየት ላይ «ችሎታ አላት፣ ትኩረት ይጎድላታል» የሚል አይጠፋም።

መድኃኒት ጀምሩ ወይም ተዉ ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። የሐኪም ነው።

ጸበል የሚሄደውንም አታሳፍሩ። «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» ብሎ ማስመረጥ ሰውየውን ከሁለቱም ያርቀዋል።

እናትን ሰላይ ማድረግ

እኛ ዘንድ የ30 ዓመት ሰውም ከቤተሰቡ ጋር ይኖራል። እናት ትደውላለች፦ «ምን አለህ? ልጄ ምን ይሻለዋል?» ከፍቅር ነው። እኔም «እማማ፣ እሱን ልጠይቀውና» ነው የምላቸው። እሱ ከፈቀደ ሦስታችን አንድ ላይ እናወራለን። ካልፈቀደ አላወራም። ተደብቃችሁ ያወራችሁ ቀን ልጁ ከእናንተ ጋር እውነት መናገር ያቆማል።

ቁጭ በል ማለት

እየተራመደ ያውራ። እስክሪብቶ ያጫውት። ካሜራውን ያጥፋ። ብዙዎቹ የሚሰሟችሁ እንዲያ ሲሆኑ ነው።

«በሳምንቱ ውስጥ አድርጊው» ብሎ መሸኘት

የመጀመሪያዋ እርምጃ እናንተ እያላችሁ ትጀመር። ደብዳቤ ከሆነ ይከፈት፣ ኢሜይል ከሆነ እናንተ እያያችሁ ይላክ። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ደንበኛዬ ለአራት ወር ሳትከፍተው የቆየችውን ፖስታ ይዛ መጣች። ምንም አልመከርኳትም። ሻይ ቀዳሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀደደችው፣ አነበበችው፣ ስልኳን አውጥታ እዚያው ደወለች። የፈጀባት 12 ደቂቃ ነው።